በአጎት ደንብ የተለቀሰ ሥራ

እጄን አውጥቼ ስነሣ የሰባት ወር ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ዝናቡ የዕድሩን አዳራሽ ቆርቆሮ ይደበድባል።

“የባለቤቴ ሥራ ሞቷል፤ ዕድሩ እንዲደርስልን ለመጠየቅ ነው” አልኩ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። “ማን ሞተ አልሽን ልጄ?”

“ሥራው።”

“የማን ሥራ?”

“የዘከሪያ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ሞተ። ደብዳቤውን ይዤዋለሁ።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን የመጣሁት ለቀልድ አልነበረም። ባለቤቴ ዘከሪያ ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኝ ሎጅ ስድስት ዓመት ምግብ አብሳይ ነበር። እንግዳ ጠፋ፤ ሎጁ ሠራተኛ ቀነሰ። የስንብት ክፍያው ለሁለት ወር የቤት ኪራይና ለእኔ ሐኪም ሆኖ አለቀ። እኔ የማስተምርበት የግል ኮሌጅ ክረምቱን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደመወዝም ይዘጋል። ስለዚህ የዘከሪያ የአክስት ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ባሽር፣ መተማ ላይ ሰሊጥ ለሚያርሙ ሠራተኞች የሚያበስል ሰው እንደሚፈለግ ሰምቶ ቦታውን ያዘለት። እስከ ጥቅምት ነው። ሐሙስ ባሽር ከታች በሊማሊሞ ወጥቶ ሲያልፍ ሊወስደው ተቀጣጥረዋል።

እኔ የምወልደው መስከረም ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ አባቱ እዚያ በረሃ ለሁለት መቶ ሰው ምስር እየቀቀለ እንዲሆን አልፈለግሁም። ነገሩ ይኸው ነው። ቱርክ አገር፣ ቆንያ ውስጥ፣ አምስት ዓመት የተማርኩት አንድ መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ ነው። እዚያ ሥራ ያጣ ሰው ቢሮ ይሄዳል፣ የወረፋ ቁጥር ይቆርጣል፣ ይቀመጣል። ስለዚሁ የጻፍኩት ባለ ሰማንያ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ደባርቅ ከመጣ ወዲህ የሚሰጠው አገልግሎት አንድ ነው፤ ከአልጋችን አጭሩ እግር ሥር ተቀምጦ አልጋውን ያስተካክላል።

ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህች ከተማ መድን የላትም ያለው ማን ነው? ሁሉም ሰው በየወሩ ይከፍላል፤ ሲደርስበት ይደረስለታል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚደርሱት ለሞተ ነው። እንግዲያው የሞትን ትርጉም ትንሽ ማስፋት ነው። ሐሳቡ ሳሙና በእጄ ይዤ ሳለሁ በጣም ብሩህ መስሎኝ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ስናገረው ድምቀቱ ቀንሷል።

ጋሽ ገሠሠ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። “ደንቡን አንብብ።”

ጸሐፊው የተጨማደደ ደብተር ገለጠ። “ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ሙሉ ክፍያ። ለአባትና ለእናት ግማሽ። ለአጎትና ለአክስት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና የሦስት ቀን ንፍሮ።”

“ሥራ የሚል አለ?”

“የለም።”

“ሥራ አይካተትም የሚልስ?”

ጸሐፊው ገጾቹን አገላበጠ። “እሱም የለም ጋሼ።”

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እትዬ ገበያነሽ ተነሡ። “ስድስት ዓመት ያበላው አባት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊባል ነው! ግማሽ ይሰጠው!”

“አባት ልጁን በደብዳቤ ያሰናብታል?” አለ አንዱ።

“የኔን አባት አታውቀውማ!” አለ ጥሩምባ ነፊው ቢራራ።

“ልጅ ነው፤ ጠዋት ማታ የለፋለት።”

“እኔን ከጠየቃችሁኝ ሚስት ነው። ከሰልሰቢል ጋር ካሳለፈው ቀን ከሎጁ ጋር ያሳለፈው ይበልጣል።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። “እውነት ነው፤ ግን እኔ አልሞትኩም” አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ገሠሠ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ከመሬት ጎንበስ ብለው የሚያነሡት የሚመስሉ ሰው ናቸው። “እስቲ መልሱልኝ። ሲመጣ ብር የሚሰጥ፣ ‘አለሁልህ’ የሚል፣ ቀን ሲከፋ ደግሞ ሳይሰናበት የሚጠፋ ዘመድ ምን ይባላል?”

“አጎት!” አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

“በአጎት ደንብ ይለቀስ። ቄስም አይጠራ፣ ሼህም አይጠራ። ሥራ ነፍስ የለውም፤ የፈጣሪን ነገር ከዚህ ጋር አናገናኝም። መቀመጥ ብቻ ነው። ድንኳኑ እስከ ማክሰኞ ሌላ ቦታ ስላለ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ይሁን።” ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። “ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ከሰፈር እንደማይወጣ ታውቂያለሽ።”

ስለ ሐሙሱ መኪና ለማንም አልነገርኩም ነበር። ጋሽ ገሠሠ ሰምተው ይሁን ዝም ብለው ደንብ ማስታወሳቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ገንዘብ ጠይቄ ድንኳን ተሰጠኝ። ቤት ስገባ ዘከሪያ ልብሱን በሻንጣ እየከተተ ነበር።

“ምን አሉሽ?”

“ድንኳን።”

“የምን ድንኳን?”

“ለሥራህ ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ሦስት ቀን።”

አልጋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። “ሰልሰቢል፣ ትምህርቱ ነው እርግዝናው?”

“ሁለቱም መሰለኝ።”

“ሰው ይስቅብኛል።”

“ይሳቅ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሐሙስ መኪና አይሳፈርም።”

ምን እንዳደረግሁ ያኔ ገባው። ሊቆጣ ፈለገ፤ አልቻለም፤ ካልሲ አጠፈ። “እሺ። ዓርብ እሄዳለሁ።”

“የዓርቡን ዓርብ እናያለን።”

“ሰልሰቢል፣ ዓርብ እሄዳለሁ። ቤት ውስጥ የስምንት ቀን እህል ነው ያለን።”

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ቢራራ ጥሩምባውን ነፋ። “የላይ ሰፈር ዕድርተኞች! የዘከሪያ ሥራ አርፏል! በአጎት ደንብ! ድንኳን ለመትከል ውጡ!” ሁለተኛውን ሊነፋ ሲል ሳቅ ያዘውና ጥሩምባው እንደ ታመመ በግ ድምፅ አወጣ።

ቤታችን አስፋልቱ ዳር፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መውጫ ላይ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚዎቹ ተደረደሩ፣ እትዬ ገበያነሽ ሁለቱን ትልልቅ ድስቶች ጓሮ ጣዱ። ዘከሪያ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ። ይሮጣል ብዬ ነበር። አልሮጠም።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ገሠሠና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ተቀመጡ፣ ዝም አሉ፤ ሰው ሐዘን ሲደርስ ዝም እንደሚለው ያህል ዝም አሉ። ከዚያ ጋሽ ገሠሠ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና በወጉ ጠየቁ።

“መቼ ነው የታመመው?”

ዘከሪያ መሬት መሬቱን አየ።

“ሁለት ዓመት አልፎታል” አለ።

“አይ አይ አይ። ምን ብሎ ጀመረው?”

“መጀመሪያ እንግዳ ቀነሰ። ቀን ሃያ ሳህን የነበረው ወደ አሥር ወረደ። ከዚያ ወደ አራት። ከዚያ አልጋ ያዘ።”

“አላሳከማችሁትም?”

“ዋጋ ቀንሰን አየን። ኢንተርኔት ላይ አዲስ ፎቶ ለጠፍንለት።”

“አልተሻለው?”

“ፋሲካ ሰሞን ትንሽ ቀና ብሎ ነበር። ሁለት ፈረንሳዮች መጡ።”

“ሊሞት ሲል እንዲያ ነው” አሉ እትዬ ገበያነሽ፣ ደረታቸውን ይዘው። “ቀና ይልና ያታልላል።”

“መጨረሻውስ? ተሠቃየ?”

“አልተሠቃየም። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። ማኅተሙ ትንሽ ዘመም ብሏል።”

ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውም ሳቁ ደርሶት ይመስለኛል ተራገጠ። ሴቶቹ ያለቀስኩ መስሏቸው ከግራ ከቀኝ ያዙኝ። “እሰይ፣ ይውጣልሽ” አለች አንዷ። ሻሹን ስታነሣ ስስቅ አየችኝና እሷም ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ዘከሪያም ፈገግ ብሎ ነበር። ሳቁ በረድ ሲል ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። “ወጥ ቤቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ሳስረክብ ምድጃው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።”

ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ሁለት ወር ሙሉ “ቀነሱን፣ አለቀ” ነው ያለኝ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዎ። ይኸውልህ፣ እሱን ነበር የምንጠብቀው” አሉት።

ከሰዓት በኋላ ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ መዘጋቱ ተሰማ። ወደ ታች የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ተራ በተራ እየቆሙ ሰልፉ ቤታችን በር ደረሰ፤ ደጃችንንም አልፎ ሄደ። ከታች የሚወጡትም እዚያው ተያዙ፤ ባሽርም ከነሱ ጋር ነበር። ስልክ ደውሎ “ብስኩት እየበላሁ ነው፤ ዘከሪያን ጠብቅ በሉት” አለኝ። ለናዳው አላህን ማመስገን ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በልቤ ትንሽ አመሰገንኩ።

ዝናብ የመታው ሹፌር ድንኳን ሲያይ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ “ያጽናችሁ” ይላል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘግናል። መጀመሪያ የገባው ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል ሰውዬ ነበር፤ ሲቀመጥ አግዳሚው ከማዶ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች ከፍ አደረጋቸው። አንድ እፍኝ ንፍሮ አፉ ከተተና በትሕትና ጠየቀ።

“ሟቹ ማን ናቸው?”

“ሥራዬ ነው” አለ ዘከሪያ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ማኘኩን አቆመ። “የምን ሥራ?”

“ምግብ አብሳይ ነበርኩ።”

መዳፉ ላይ የቀረውን ንፍሮ አየ። ዘከሪያን አየ። “ይህን የቀቀልከው አንተ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ተመስገን። አንተ ብትሆን ኖሮ ሥራህ መሞቱ ሲያንሰው ነው ልልህ ነበር።”

ድንኳኑ አጨበጨበ ማለት ይቻላል። እትዬ ገበያነሽ ጭልፋቸውን እንደያዙ ከጓሮ ብቅ አሉ። “ማን ነው እሱ? ማን ነው ንፍሮዬን የሰደበው?” ዘከሪያ ግን ተነሥቶ ነበር። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲቆም አላየሁትም። ብርድ ልብሱ ወደቀ።

ተከትዬው ጓሮ ገባሁ። እትዬ ገበያነሽ ቀድመውን ድስቱ ፊት ቆመዋል። “ወግድ! ሐዘንተኛ እሳት አይነካም!”

“አልነካም እትዬ። ከምድጃ ከወረደ በኋላ ነው የምነካው።”

“ከወረደስ ምን ታደርገዋለህ? ንፍሮ ንፍሮ ነው።”

“ባቄላውን ለብቻ መቀቀል ነበረብዎት።”

“አንተ ልጅ! ሃምሳ ዓመት ንፍሮ ቀቅያለሁ!”

“ሃምሳ ዓመት ባቄላውን ከስንዴው ጋር ከተው አፍርሰውታል።”

ጭልፋውን አነሡ። ይመቱታል ብዬ ሆዴን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ጭልፋውን አወረዱ፤ ሁለተኛውን ድስት በእግራቸው ወደ ምድጃው ገፋ አደረጉት። “እሺ ዋና አብሳይ። እዘዘኝ። ሳትነካ።”

ሳይነካ አዘዘ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በጭቃው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ፣ ስንዴው ለብቻ፣ ባቄላው ለብቻ፣ ሽምብራው ለብቻ እንዲቀቀል አዘዘ። ውሃው ሲገነፍል ጮኸ። እህሉ ወርዶ ውሃው ከተንጠፈፈ በኋላ ብቻ እጁን አወጣ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ እንደ አሸዋ አድቅቆ ከተፈ፣ ሎሚ ጨመቀ፣ ዘይት ጣል አደረገ፣ የእትዬ ገበያነሽን ሰናፍጭ በጥብጦ አፈሰሰበት። የፍልሰታ ጾም ነውና ክርስቲያኑ ይበላዋል፤ ሥጋ የለበትምና እስላሙም አይጠይቅም። ሃብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ምነው?” አለው ዘከሪያ።

“ሰናፍጩ ነው” አለ፤ ሳህኑን ዘረጋ። “አሁን ለቅሶ ሆነ። ድገመኝ።”

ሐሙስ ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሹፌሮቹ ለሌሎች ሹፌሮች ደውለው ነበር። ሰፈርተኛው ደግሞ ሁለት ሰው ሆኖ የሚመጣው አምስት ሆኖ መጣ። በመሀል የማልጠብቀው ነገር ሆነ፤ አራት ቋንቋ ተናግሮ እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረ፣ አሁን አሸዋ የሚጭን ጎረቤታችን ገብቶ ተቀመጠና ማንም ሳይጠይቀው “የኔም እኮ እንዲሁ ነው የጀመረው” አለ። በቅሎ አከራዩም ተከተለ። የሎጁ ልብስ አጣቢም። ሁሉም የየራሱን ሥራ በሽታ ተናገረ፤ ሌላው “አይ አይ” አለለት። ሳቅና ለቅሶ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ።

እኔ ግን ያመነታሁት ያን ጊዜ ነው። የቤታችንን በር ተደግፌ፣ በገዛ ረሃባችን ጨዋታ እየተጫወትን ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ነገ ድንኳኑ ይነሣል። ሰዉ ጋቢውን አራግፎ ይሄዳል። ዘከሪያም ይሄዳል። ቆንያ የነበሩት መምህሬ ቢያዩኝ ይህን በየትኛው ምዕራፍ ውስጥ ያስገቡት ነበር?

ሃብተ ጊዮርጊስ ባዶ የዘይት ጀሪካን አፉን በቢላ ቆርጦ ይዞ መጣ። “መንገዱ ነገ ይከፈታል አሉ። እስኪ ለመንገድ ሙላልኝ። ስንት ነው?”

ድንኳኑ በሙሉ ወደ ጀሪካኑ ዞረ።

“ስንት ነው?” አሉ እትዬ ገበያነሽ። “የለቅሶ ንፍሮ ይሸጣል እንዴ? ወዲያ!”

ጋሽ ገሠሠ ቀስ ብለው ተነሡ። “ልጄ ሆይ፣ እህሉም የዕድሩ ነው፣ ድስቱም የዕድሩ ነው። በሐዘን ዕቃ ንግድ የለም።”

ሰውዬው እንደዚያ ገዝፎ እንዴት ሊያንስ እንደቻለ አላውቅም። ጀሪካኑን ከጀርባው ደበቀ። “ይቅርታ አባቴ። እንግዲያው ነገ፣ ለቅሶው ካበቃ በኋላ፣ ለቅሶ ያልሆነ ንፍሮ ይኖራል?”

ሁሉም ዘከሪያን አየ። እሱ ድስቱን አየ፣ አስፋልቱን አየ።

“ነገ እኔ መተማ ነኝ” አለ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ብዙም አልቆየም፤ የባሽር መኪና እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ መጣና ደጃችን ላይ ተነፈሰ። ከኋላው ሁለት ቀን ታግተው የወጡ መኪኖች ተከታትለው ደረሱ። ሰፈርተኛው ድንኳኑን እያፈረሰ ነበር።

“ማን ሞተ?” አለ ባሽር ከመኪናው እየዘለለ።

“ሥራዬ” አለ ዘከሪያ።

“ቶሎ ካልመጣህ ሁለተኛውም ሳይወለድ ይሞትልሃል። የታል ጓዝህ?” ሻንጣውን ነጥቆ ከጭነቱ ላይ ወረወረውና በገመድ ጠፈረው። ከዚያ ሳህን ላይ የቀረ ንፍሮ አየ። ቆሞ አንድ ጉርሻ አነሣ። ተቀመጠ። ሳህኑን ጨረሰ፤ በጣቱ ጠረገ።

“ማን ነው የሠራው?”

“እሱ ነው፤ ሳይነካ” አሉ እትዬ ገበያነሽ።

“እኔ ከታች ሁለት ቀን ብስኩት ስግጥ ይህ እዚህ ነበር?” ባሽር ከኋላው የተሰለፉትን መኪኖች በአገጩ አሳየ። “ከነዚህ ውስጥ ከትናንት ወዲህ ትኩስ ነገር የቀመሰ አንድ ሰው የለም።”

የዕድሩ ሰዎች ሁለቱን ድስቶች አጥበው እየወሰዱ ነበር። ድንኳኑ ተጠቀለለ። አግዳሚዎቹ ሄዱ። እትዬ ገበያነሽም ተከትለው ሄዱ። ሹፌሮቹ ድንኳኑ በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ሳህን ፍለጋ ዙሪያውን ቆመው ቀሩ። ዘከሪያ ወደ እኔ መጣ። ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ከላይ በኩል አስፋልቱ ላይ የሚንከባለል ነገር ጮኸ። እትዬ ገበያነሽ አንድ ጥቁር ትልቅ ድስት በጎኑ አጋድመው እንደ ጎማ እየገፉ ይመጣሉ። ደጃችን ሲደርሱ በእግራቸው አቆሙት።

“ይህ የዕድሩ አይደለም። የሰርጌ ድስት ነው” አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። “ለቅሶው አብቅቷል። በል፣ አሁን እሳት ንካ።”

ዘከሪያ በመኪናውና በድስቱ መሀል ቆመ። ባሽር መኪናው ላይ ወጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ዘከሪያ አየኝ።

“ምን ትያለሽ?”

“አላውቅም” አልኩት። “ያዋጣ እንደሆነ አላውቅም። ነገም መኪና ይቁም አይቁም አላውቅም።”

“የምታውቂውን ንገሪኛ።”

“መስከረም ላይ እወልዳለሁ።”

የቤታችንን ጣራ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ እኔን። ገባሁና ከስምንቱ ቀን እህላችን የቀረውን፣ ስንዴውንም ባቄላውንም፣ ጎትቼ አወጣሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ “እመቤቴ፣ እባክሽ!” ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ስንዴው ድስቱ ውስጥ ሲፈስ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ታች እንዳየሁ ሆንኩ።

ዘከሪያ እጅጌውን ጠቀለለ።

“ባቄላውን ለብቻ!” ብሎ ጮኸ።

“ሰምቻለሁ!” አሉ እትዬ ገበያነሽ።

ባሽር አንገቱን በመስኮት አወጣ። “መተማ ያሉትን ሰዎች ምን ልበላቸው?”

“ሐዘን ላይ ነው በላቸው!”

ባሽር ስቆ ማርሽ አስገባ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው ቢራራ “ሻንጣው!” ያለው። ሁላችንም ሮጥን፤ እኔ እንኳ ጥቂት እርምጃ ሮጥኩ። ጋሽ ገሠሠ በከዘራቸው አየሩን ወጉ፣ ሹፌሮቹ እጃቸውን አወናጨፉ፣ ቢራራ ጥሩምባውን ነፋ። ባሽር በመስተዋት አየን። የምንሸኘው መስሎት ደስ አለው፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበና ረጅም ጥሩምባ እየነፋ ወደ ዳባት ቁልቁል ጠፋ። ሻንጣው ጭነቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ተሳፋሪ።

“ሁለቱም ሱሪዬ እዚያ ውስጥ ነው” አለ ዘከሪያ።

ሳቄ አላቆም ሲለኝ ልቀመጥ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ዘፍ ስል አልጋው ወደ ግራ አጋደለና ከነሆዴ ግድግዳው ሥር ወሰደኝ። ዘከሪያ ድምፁን ሰምቶ እጁ ሽንኩርት እንደሆነ ሮጦ ገባ።

“ምን ሆንሽ?”

“የአልጋው እግር! ጽሑፌ የት ሄደ?”

አንገቱን ደፋ። “ሻንጣው ውስጥ ነው።”

“በቱርክኛ የተጻፈ እኮ ነው። አንዲት ቃል አታነብም። ምን ልታደርገው ነው?”

“ሽፋኑ ላይ ስምሽ አለበት” አለ። “ስምሽን አነባለሁ።”

ከውጭ እትዬ ገበያነሽ ድስቱ መፍላቱን እየጮሁ ተጣሩ። ዘከሪያ በሽንኩርት እጁ ጎትቶ ሊያነሣኝ ሞከረ፤ አልጋው እንደገና አጋደለና እሱንም ወደ እኔ አመጣው። ደጅ ያሉት ሹፌሮች ሳህን ያንኳኩ ጀመር።